በግድ የገባ ፔዳል

ሚሊሜትርን ያገኙት ብስክሌት መጠገኛ ሱቁ ውስጥ፣ ከብረት መያዣው ሞርሳ ሥር ነው። በጎኑ ተጋድሞ፣ አንድ እጁን ደረቱ ሥር አጥፎ፣ ላየው ሰው ወለሉ ላይ የጠፋች ኩሽኔታ የሚፈልግ ይመስል ነበር። የሞርሳው ጠርዝ ግን ደም ነክቶታል፤ ከራሱ ሥር የፈሰሰው ደምም ሲሚንቶውን ይዞ እስከ ብስክሌቱ ማቆሚያ ድረስ ሄዶ ረግቷል። ብስክሌቱማ ምን ሆነ! ስንት ወር ሲለፋበት የኖረው የድሮ የፈረንሳይ መወዳደሪያ፣ ካቴናው ተጠልቆለት፣ ፔዳሉ ተገጥሞለት፣ ሙሽራ መስሎ ቆሟል። ሠሪው ሞተ፣ ሥራው አለቀ።

ሚሊሜትር እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ሌላው ጠጋኝ «ይሄ ይበቃዋል» ያለውን ዕቃ እሱ ለክቶ፣ መነጽሩን አውልቆ ወልውሎ፣ እንደገና ለክቶ፣ «አንድ ፀጉር ይተርፈዋል» ብሎ የሚመልስ ሰው ስለነበር ሰፈሩ ያወጣለት ነው። ደንበኛ ያማርረዋል፣ ሚስቱ ታማርረዋለች፤ እሱ የሠራው ብስክሌት ግን ሰው ጥሎ አያውቅም። አብሮት የሚሠራው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። እሱን ደግሞ መላ ይሉታል፤ ለምንም ነገር መላ አያጣምና። ሚሊሜትር ሳምንት የሚያለቅስበትን ሥራ መላ ከምሳ በፊት ጨርሶት እያፏጨ ይወጣል። የሁለቱ ንትርክ የሰፈሩ መዝናኛ ነበር።

ሬሳውን ያገኘው የሚሊሜትር ልጅ ነው። አመሻሹ ላይ ከብስክሌት ልምምድ ሲመለስ ወደ ሱቁ ገባ፣ አባቱን አቀፈ፣ ከዚያ እጁ ደም በደም ሆኖ እየሮጠ ወጣ። መንገደኛው ሁሉ አየው። ሚስቱ ስትደርስ ፖሊስ ቀድሟት ነበር። ባሏ ላይ ተደፍታ፣ ሐዘን አፏን ከፍቶት፣ የምትለውን ሳታውቅ እንዲህ አለች፦

«ዛሬ ጠዋት ልጅህ ‹አንተ ካልሞትክ እኔ ከዚህ ቤት ነፃ አልወጣም› ሲልህ ምነው ዝም ብዬ ሰማሁት!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አጠገቧ የቆመው ፖሊስ ሰማ። ነገሩ የአባትና የልጅ ንትርክ ነበር፤ ልጁን ሌላ ከተማ ያለ የብስክሌት ቡድን ጠርቶታል፣ አባት ደግሞ «ሱቁን ለማን ጥለህ?» ብሎ ይዞታል። በኋላ ይህን ለማስረዳት ስንቴ ለፋች! ማን ይሰማታል? ልጁ የዚያኑ ዕለት ታሰረ።

ከዚያ ወዲህ ላገኘችው ሁሉ «ልጄ ንጹሕ ነው» ትላለች። ከሁሉ የከፋው ይህን ስትል የገዛ ሆዷ አያምናትም። ልጇ ግልፍተኛ ነው፤ በንዴት በር ሲሰብር አይታዋለች። ብቻዋን ስትሆን «ቢያደርገውስ?» የምትለው ነገር ይመጣባታል፣ ታባርረዋለች፣ ተመልሶ ይመጣል። ባሏን ቀብራለች፤ ልጇን ሕግ ሊወስድባት ነው፤ ከዚያ በፊት ግን በልቧ ልትቀብረው የደረሰችው እሷ ራሷ ናት። ይህን ለማን ትናገረዋለች?

ከቀብሩ በኋላ ነገሩን እንዲጨርስ የተላከው መርማሪ አጭር፣ ጉንፋን የማይለቀው፣ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ «እሺ፣ ከዚያስ?» የሚል ሰው ነበር። የሱቁን ቁልፍ የያዘችው እሷ ስለሆነች አብራው ሄደች። ገና በሩ ላይ፣ ብስክሌት ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚፈራ፣ የሚያውቀው ነገርም ቢኖር ከላዩ መውደቅን ብቻ እንደሆነ ነገራት። እሷም ከባሏ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም ነበር።

ያስረዳችው እሷ ናት። ስንት ዓመት እራት ላይ የሰማችውን መች ትረሳዋለች! ብስክሌቱ የጥርስ ሐኪሙ ነው፤ የድሮ መወዳደሪያ የሚሰበስብ ሰው ነው። ሚሊሜትር እንዲህ ያለውን አሮጌ ብስክሌት ሲያድስ ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ጥያቄ ነበረው፦ ዘመኑ ነው? አገሩስ ነው? ቴላዮው፣ ማለት የብስክሌቱ አጽም፣ በፈረንጆቹ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ከሆነ ፍሬኑም፣ ኮርቻውም፣ ማርሽ ቀያሪውም የዚያው ዘመን መሆን አለበት። አንድ የሚያምር ማርሽ ቀያሪ ሰው ከሩቅ አምጥቶለት፣ ከብስክሌቱ ሁለት ዓመት ዘግይቶ የወጣ ነው ብሎ መልሶታል። ሁለተኛው ጥያቄ የባሰ ነው። የዚያን ጊዜ ፈረንሳዮች ብሎናቸውን በራሳቸው ልክ ነበር የሚቆርጡት፤ ሌላው አገር ደግሞ በራሱ። በዐይን አይለይም። የፈረንሳዩ የፔዳል ብሎን ቀጠን ያለ ነው፣ የሌላው አገር ትንሽ ይወፍራል። በጣቱ ያልገባለትን ብሎን ሚሊሜትር በመፍቻ ነክቶት አያውቅም።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አላት፣ ጎንበስ ብሎ ፔዳሉን እያየ።

«ከዚያማ ፔዳሉ ጠፋ። ሁሉ ነገር ተሟልቶ ትክክለኛው ፔዳል ስላልመጣ ነበር ሥራው የቆመው። መጥቶለት ኖሯል ማለት ነው። ሳይነግረኝ።»

ይህ ያልነገራት ነገር እንደገና አስለቀሳት። መርማሪው ተንበርክኮ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ ከፔዳሉ በታች ያለውን የረጋ ደም ብዙ አየ። ከዚያ የምላጭ ጫፍ አውጥቶ ከደሙ ላይ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር ፍቆ በወረቀት ጠቀለለ። ምን እንደሆነ ብትጠይቀው ፔዳሉ ከሚጠመዘዝበት ክንድ የተላጠ አሉሚኒየም ነው አላት።

ፖሊሶች ነገሩን የቋጩት እንዲህ ነበር። ቀትር ላይ ብስክሌቱ ፔዳልም ካቴናም አልነበረውም፤ ይህን የጥርስ ሐኪሙ በዐይኑ አይቷል። ሲመሽ ግን ሁሉም ተገጥሞ ተገኘ። ሚሊሜትር ደግሞ እንኳን ይህን ሁሉ አንዲት ፔዳል ለመግጠም ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሰው ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ በሕይወት ነበር፤ የሞተው አመሻሹ ላይ ነው። ሐኪሙና መላ ከሰዓት በኋላውን በብስክሌተኞች ክበብ አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ዐውደ ርእይ ሲያሰናዱ ዋሉ። ልጁ ግን ብቻውን ዳገት ላይ ሲለማመድ ነበር። ማን ቀረ?

የጥርስ ሐኪሙ ሲመጣ ሱቁ ውስጥ የሚቆምበት ንጹሕ ቦታ አጣ። በሥነ ሥርዓት አጽናናት፤ ዐይኑ ግን ከብስክሌቱ ላይ አልተነሣም። በዚያን ዕለት ቀትር ላይ መጥቶ ለዐውደ ርእዩ እንዲደርስለት፣ አገሩ ባይሆንም የዚያን ዘመን ፔዳል ፈልጎ ገጥሞ እንዲሰጠው ሚሊሜትርን ለምኖት እንደነበር አልደበቀም። ሚሊሜትር አሻፈረኝ ብሏል። መላ «እኔ እገጥምልሃለሁ» ቢልም ሚሊሜትር ተቆጥቶታል፤ ሐኪሙም ተናዶ ወጥቷል።

«ምን ብሎ ተቆጣው?» አለ መርማሪው።

«‹ዛሬ ለክበቡ ካልነገርክ እኔ እነግራለሁ› አለው። ስለ ዐውደ ርእዩ መሰለኝ።»

«መላስ አብሮዎት ወጣ?»

ሐኪሙ አሰበ። «እኔ ስወጣ እሱ እጁን እየታጠበ ነበር። ተከትሎኝ ወጥቶ ይሆናል።»

መርማሪው ፔዳሉን እንዲያይለት ጠየቀው። ሐኪሙ መነጽሩን አድርጎ ጠጋ አለና ፊቱ ተቋጠረ። ይህ ፔዳል ብስክሌቱ ከተሠራ ብዙ ዓመት ቆይቶ የወጣ ነው፣ ክዳኑ ብቻ ይመሰክርበታል፣ እሱ ለዐውደ ርእይ እንዲህ አድርጎ ቢያቀርበው ሰብሳቢው ሁሉ መሳቂያ ያደርገዋል አለ። ሚሊሜትር ይህን ገጠመ ቢሉት እንደማያምንም ጨመረ። ፍቱልኝና ውስጡን አሳዩኝ ሲባል ግን መፍቻውን በየት በኩል እንደሚያዞር አላወቀም። ሃያ ብስክሌት ያለው ሰው! መርማሪው ራሱ ተቀብሎት በብዙ ትግል ፈታው። የክንዱ ቀዳዳ ጥርሱ ተበልቷል።

መላ ሲታይ ደስ የሚል ሰው ነው። ሲገባ እህቱን አቅፎ ራሷን ሳመ፤ ለልጁ ጠበቃ እንደያዘለት፣ ወፍራም ብርድ ልብስ እንዳቀበለው ነገራት። እሱ እያለ የእህቱ ልጅ ብርድ እንደማይነካው ማለላት። ለመርማሪው ጉንፋንም መላ ነበረው፤ ትኩስ ውሃ በጨው። በዚያ ሁሉ ሐዘን ውስጥ እሷን ያቆማት ይህ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ድክ ድክ ሲል በጀርባዋ ያሳደገችው እሷ ናት፤ አሁን ደግሞ ተራው ደርሶ እሱ ተሸክሟታል።

ለመርማሪው የነገረው አጭር ነው። ከሐኪሙ ጋር ተከታትለው ወጥተዋል። ሐኪሙ ወደ አዳራሹ፣ እሱ ወደ እህቱ ቤት ለምሳ። ከምሳ በኋላ እስኪመሽ አዳራሹ ነበር። መርማሪው ግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ብስክሌቶች አየና ለባለቤቶቻቸው መመለስ ስላለባቸው የትኞቹን እንደሠራ ጠየቀው። መላ አንድ በአንድ አሳየው፤ ሥራው ያኮራዋል። መርማሪው በየተራ ጎንበስ እያለ የፔዳላቸውን ሥር ዳሰሰ። መፍቻው ላይ ቧንቧ አስረዝሞ በኃይል የጠመዘዘ ሰው የሚተወው ጭረት ሁሉም ላይ አለ።

«እጅዎ ብርቱ ነው» አለው።

«ሰው እንቢ ካለ ይለመናል፤ ብረት ግን ይገደዳል» አለ መላ እየሳቀ።

መርማሪው ወደ እሷ ዞረ። ወንድሟ ያን ዕለት ለምሳ በሰዓቱ ነበር የመጣው?

«አዎ» አለች።

አንዲት ቃል ናት። የተናገረቻት ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም፤ ባሏ በሞተ ማግስት ለፖሊሶቹም እንዲሁ ብላ ነበር። ወንድሟ ያን ዕለት የመጣው ምሳው ቀዝቅዞ ከተነሣ በኋላ ነው። ፀጉሩ እርጥብ ነበር። ሸሚዙን ቅባት ነክቶታል ብሎ የባሏን ሸሚዝ ለብሶ፣ የራሱን ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። በማግስቱ ልቅሶው መሃል ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «እታለም፣ ፖሊስ ነገር ማክረር ይወዳል፤ ከጠየቁሽ በሰዓቱ መጣ በይ» አላት። እሷም አለች። ምን ይጎዳል? እሱ ወንድሟ ነው።  አሁን ግን ያቺን «አዎ» አስተውላ ልታስባት ፈራች። አታስቡኝ የሚሉ ነገሮች አሉ፤ ስታስባቸው ይገድሉሃል።

በማግስቱ ለልጇ ምሳ ይዛ ስትሄድ መርማሪውን ከልጇ ጋር ተቀምጦ አገኘችው። ልጁ ከስቷል፤ ጢሙ ሳይላጭ አድጎ አባቱን አስመስሎታል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብረት ነበር፤ አንድ የፔዳል ክንድ፣ አንድ ፔዳል። መርማሪው ግጠምልኝ አለው፤ መፍቻም አቀበለው። ልጁ መፍቻውን ወደ ጎን ገፍቶ ፔዳሉን በሁለት ጣቱ ይዞ ቀስ ብሎ አዞረው። አንድ ዙር ሄዶ ያዘው። ወዲያው መልሶ አወጣው።

«ይሄ የዚህ አይደለም» አለ። «ክንዱ የፈረንሳይ ነው። ይሄን ካስገደድከው ይገባል፣ ጥርሱን ይበላዋል፣ አንድ ቀን ሰው ላዩ ላይ ሳለ ይወጣል።»

እናቱን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም ነበር። መርማሪው ልጁን ሌላ አንድ ነገር ጠየቀው፤ አባቱ በጨርቅ ጠቅልሎ ስላስቀመጠው፣ እሱ ሱቁ መሳቢያ ውስጥ ስላገኘው የተሰበረ የፔዳል ክንድ። ልጁ ባለፈው ዓመት የወደቀው የጭልፊት ብስክሌት ክንድ ነው አለ። ጭልፊት የሚሉት የክበቡ ወጣት ተወዳዳሪ ነበር። ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ወልቆበት ወድቆ፣ እነሆ ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። ክንዱን አባቱ እንዲመረምረው ክበቡ ሰጥቶት ነበር። መርማሪው ተነሣ፤ ለእናትየዋም ነገ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ክፈቱልኝ፣ ሁላችሁም ትገኛላችሁ አላት።

እሷ ወደ ቤቷ እንዴት እንደሄደች አታውቅም። ልጇ ያንን ፔዳል በሁለት ጣት ሲይዝ ባሏን አይታለች። ይህ እጅ አባቱን አልገፋም፤ አሁን አመነች። ነገር ግን ልጇን ያመነችበት ሰዓት ሌላ ሰው ማሰብ የጀመረችበት ሰዓት ሆነባት። አምላኬ፣ ከሁለት አንዱን ነው ወይ የምትሰጠኝ? አለች። 

ሱቁ ውስጥ ሁሉም ቆመው ነበር፤ መቀመጫ የሚባል ነገር ሚሊሜትር አይወድም ነበርና። ሐኪሙ በሩ አጠገብ፣ መላ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ልጁ እጁ በካቴና ታስሮ በሁለት ፖሊስ መካከል። እሷ ሞርሳው ያለበትን ጎን ላለማየት ለመስኮቱ ፊቷን ሰጥታለች። መርማሪው አስነጥሶ ይቅርታ ጠየቀና ወረቀቱን ፈታ።

«ይህች የአሉሚኒየም ልጣጭ ናት» አለ። «ወፍራም ፔዳል በቀጭን ቀዳዳ በግድ ሲገባ ትላጣለች። ብዙ ነበሩ። የት ነበሩ? ደሙ ላይ። ከደሙ ሥር አንድም የለም። ደሙ ገና እርጥብ ሳለ ከላይ ወድቀው ተጣብቀው ደርቀዋል። እንግዲህ ያ ፔዳል ሲገጠም ሟቹ ወለሉ ላይ ነበር።»

ልጁ ዐይኑን ጨፈነ።

«እኛ ደግሞ ሟቹ ፔዳሉን ገጥሞ፣ ከዚያ ሞተ ብለን ነበር። የተባለውን አምነን። አሁን ይገለበጣል። ሚሊሜትር ቀትር ላይ፣ ሐኪሙ እንደወጡ ሞተ። አንድ ሰው ከሬሳው አጠገብ ቆሞ የብስክሌቱን ካቴና አጠለቀ፣ ፔዳል ገጠመ። ለምን? ሟቹ እስኪመሽ ሲሠራ የዋለ እንዲመስል። ይህ ማንን ይጠቅማል? ከሰዓት በኋላ ብቻውን ለነበረ ሰው ገመድ ነው። ስለዚህ ልጁ አይደለም። የሚጠቅመው ቀትር ላይ ምስክር ጎድሎት፣ ከሰዓት በኋላ ምስክር ሞልቶ የተረፈለት ሰው ነው።»

«እኔም ሐኪሙም ነና» አለ መላ። ድምፁ ቀልድ ነበረው።

«ልክ ነህ፤ ሁለት ናችሁ። ሐኪሙ ግን ከዚህ ወጥተው በቀጥታ አዳራሹ መድረሳቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። ባይታወቅም ፔዳሉ ይመሰክርላቸዋል። እሳቸው ዘመኑን ያውቃሉ፤ ይህን ፔዳል በዚህ ብስክሌት ላይ ከሚያዩ የገዛ ጥርሳቸውን ቢነቅሉ ይመርጣሉ። እንግጠም ቢሉም አይችሉም። ሟቹ ዘመኑንም አገሩንም ይጠይቅ ነበር፤ ልጁም በጣቱ ሞክሮ ‹ይሄ የዚህ አይደለም› ብሎኛል። ይህን የገጠመው ሰው ግን አንዱንም አልጠየቀም። መሳቢያ ከፈተ፣ ያገኘውን አነሣ፣ በቧንቧ ጠመዘዘ። ሥራው የቆመው ለምን እንደሆነ እንኳ አልገባውም ነበር፤ ፔዳል ስለጠፋ ይመስለው ነበር። የጠፋው ግን ፔዳል ሳይሆን ትክክለኛው ፔዳል ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ከመሳቢያው የጭልፊትን ብስክሌት የተሰበረ ክንድ አውጥቶ ከተፈታው ክንድ ጎን አኖረው። የሁለቱም ጥርስ አንድ ዓይነት ተበልቷል፤ ጭረቱም አንድ ነው። የጭልፊትን ፔዳል ማን እንደገጠመለት ክበቡ ውስጥ የማያውቅ የለም አለ፤ የማይታወቀው ጥፋቱ ነበር። ሚሊሜትር ያን አወቀ፤ የሚስቱ ወንድም ራሱ ሄዶ እንዲናገር አንድ ቀን ሰጠው። ሐኪሙ የሰሙት ቁጣ ይኸው ነው።

መላ አሁን አይስቅም። «ይሄ ሁሉ የብረት ወሬ ነው። እኔ በዚያን ሰዓት እህቴ ቤት ምሳ ላይ ነበርኩ።»

«አዎ» አለ መርማሪው። «ቀሪው ነገር በዚያ ምሳ ላይ ነው ያለው። ምሳውን የሚያውቁት ደግሞ እትዬ ብቻ ናቸው።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ወንድሟ ፈገግ አለላት፤ ያ ልጅ ሆኖ ሲያጠፋ፣ አባታቸው ፊት ሲቆሙ የሚያሳያት ፈገግታ። ያኔ ሁልጊዜ ትዋሽለት ነበር።

«ንገሪው እንጂ እታለም።»

ከመስኮቱ ዞረች። ልጇ መሬት መሬት ያያል። 

«በሰዓቱ አልመጣም» አለች። «ምሳው ቀዝቅዞ አንሥቼው ነበር። ፀጉሩ እርጥብ ነበር። ሸሚዙን ጠቅልሎ ይዞ የባሌን ሸሚዝ ለብሶ ሄደ። በሰዓቱ መጣ በይ ብሎኝ ነው ያልኩት። በጀርባዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው። ነገር ግን አልመጣም።»

 መላ ግድግዳውን ይዞ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ገፋሁት እንጂ አልመታሁትም» አለ ቀስ ብሎ። «ሃያ ዓመት እንዲሁ ነው የምገጥመው፣ ማን ወደቀ? ብረቱ ነው የተበላሸው አልኩት። ‹ጭልፊትን ሽባ ያደረገው እጅህ ነው› አለኝ። ደጋግሞ አለኝ። ገፋሁት። ሞርሳው…»

«ልጄንስ?» አለችው።

«ማስረጃ የለም ብለው ይለቁታል ብዬ ነው። ጠበቃ የያዝኩለት ለዚያ ነበር እኮ፣ እታለም። መላ አገኝለታለሁ ብዬ ነበር።»

«ባሌን በንዴት ብትገፋው አንድ ቀን ይቅር እልህ ይሆናል፤ አላውቅም። ግን በየቀኑ ሄደህ ፊቱን እያየህ፣ ብርድ ልብስ እያቀበልከው፣ እኔን እያቀፍክ ‹አይዞሽ› እያልክ! እኔ እኮ ከእግዜር ቀጥሎ የማመሰግነው አንተን ነበር።»

 ፖሊሶቹ የልጁን ካቴና ፈትተው ለአጎቱ አጠለቁለት። መላ ሲወጣ ዞሮ ሊያያት ፈለገ፤ እሷ ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበርና አላየችውም። ለወንድሟ ነው ያለቀሰችው። ይህን መካድ አይቻልም።

ሐኪሙ ብስክሌቱን ሳያነሣ ወጣ። መርማሪው ቁልፉን ለእሷ መለሰላት፤ ለፖሊስ የዋሸችውን ነገር ደግሞ ነገ ጣቢያ መጥታ በፈቃዷ እንድታርመው ነገራት። እሷና ልጇ ብቻ ቀሩ። ልጁ ካቴና የነካውን እጁን እያሸ ከፊቷ ቆመ። ልታቅፈው ሁለት እርምጃ ሄደች፤ እሱ አልሸሸም፣ አልቀረባትምም።

«እማ» አላት። «አንቺም በልብሽ ገዳዩ እኔ ነኝ ብለሽ ነበር?»

አይደለም ልትል አፏ ተከፈተ። ከዚህ በኋላ ግን ለማንም መዋሸት አልሆነላትም።

«አዎ ልጄ» አለች። «ብዬ ነበር።»

 ልጁ በሩን ከፍቶ ወጣ። እሷ ሱቁን ቆልፋ ስትዞር እሱ ብዙ ሄዷል፤ ትከሻው ጎብጧል፣ አይዞርም። እሷም ከኋላው ሄደች፣ አልጠራችውም፤ በምን አፏ? መስቀለኛው መንገድ ላይ ሲደርስ መኪናው ሁሉ አልፎ መንገዱ ባዶ ሆነ። እሱ ግን አልተሻገረም። ጀርባውን እንደሰጣት ቆሞ ጠበቃት።